የቆጠራው መኪናና የጠፋው መዝገብ

መንግሥታት በመረጃ ቴክኖሎጂ ስለ መጠቀማቸው የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው መኪናው ባስገኘው ፍጥነት ላይ ነው። መኪናውን ያንቀሳቀሱት ሠራተኞች ድካምና ሥራው ካለቀ በኋላ መዝገቡ የደረሰበት ዕጣ እምብዛም አይመረመሩም። ለዚህ ጉድለት በ1890 ዓ.ም. የተካሄደው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ጥሩ ማስረጃ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

በ1880ው ቆጠራ ያገለገለው መሐንዲስ ኸርማን ሆለሪት፣ የዚያ ቆጠራ ውጤት በእጅ ተሰናድቶ እስኪያልቅ ብዙ ዓመታት መውሰዱን ተመልክቶ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ተበስቶ በኤሌክትሪክ የሚቆጠርበትን ዘዴ ፈለሰፈ፤ በ1889 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጠው። ካርዱ በመኪናው ላይ ሲቀመጥ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በቀዳዳዎቹ አልፈው ሜርኩሪ የያዙ ጽዋዎችን ይነካሉ፤ ኤሌክትሪኩ ይያያዝና ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ይህን ማንኛውም የኮምፒዩተር ታሪክ ይተርከዋል።

ካርዱን የበሳው ግን የሰው እጅ ነው፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዕረፍት ሲያሻቸው ሜርኩሪውን ከጽዋው መጥጠው በማውጣት መኪናው እስኪጠገን ይቀመጡ እንደ ነበር ይነገራል። ወሬው ለሳቅ ይነገር እንጂ የሥራውን ፍጥነት ማን ይወስን እንደ ነበር ለሚጠይቅ ተመራማሪ ከመኪናው ንድፍ ያላነሰ ቁም ነገር አለው።

ከዚህ የከፋው የመዝገቡ ነገር ነው። በወረቀት ቅጾቹ ላይ እያንዳንዱ ሰው ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ በዓመቱ ስንት ወር ትምህርት ቤት መዋሉም ሳይቀር ሰፍሮ ነበር። ቅጾቹ ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ እሳት ከማይበግረው ክፍል ውጭ ተደርድረው ሳሉ ጥር 10 ቀን 1921 ዓ.ም. ቃጠሎ ደረሰባቸው። እሳት ያልነካውን ውኃ አበላሸው። ከጉዳት የተረፈውም ተገቢ ጥበቃ ሳያገኝ ቆይቶ፣ የካቲት 21 ቀን 1933 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት እንዲወገድ ፈቀደ። በዋዜማው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አኑረው ነበር!

ከ62 ሚሊዮን በላይ ከሚሆነው ሕዝብ በቅጽ ላይ ስማቸው የተገኘው ስድስት ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ናቸው። መኪናው የደመራቸው ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ቁጥር በታተሙት ሰንጠረዦች ይገኛል፤ እናት ፊደል ሳትለይ ልጇ ያነበበችው በየትኛው ቤት እንደ ነበር ግን ከዚያ ቁጥር ማውጣት አይቻልም።