ማጣሪያና አቧራ፤ የትንሽ መኪና ታሪክ በቢቸናና በሞጣ መንገድ

የአውቶሞቢል ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ዘወትር የሚጀመረው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ካመጣው የሲድሌይ መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች የባለቤቶቻቸው ማዕረግ ጭምር ተቆጥሮ ይገኛል። ዳሩ ግን መኪና ከከተማ ከወጣች በኋላ ምን እንዳደከማትና ምን እንዳቆያት የሚመረምር ጽሑፍ ጥቂት ነው። የዚህች አጭር ጥናት ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ከትንሿ መኪና ማጣሪያ በኩል ማየት ነው።

ስፍራው በምሥራቅ ጎጃም የቢቸናና የሞጣ አገር ነው። እዚያ ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙ ራሱ ገበያው የሚውልበትን ቀን ይናገራል። ለዚህ አገር ንግድ ከመኪና በፊት የነበረው መጓጓዣ አህያና በቅሎ ነው። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚሻገረውም ነጋዴ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ በሚነገርለት በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን ይሻገር ነበር። መኪና የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ይኸውም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ ነው። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለብዙ ዘመን ጠጠርና አፈር ሆኖ ኖሯል።

የቢቸና አካባቢ አፈር በብዙ ስፍራ ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ጎማ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ደቆ እንደ ዱቄት ይነሣል። መንገደኛው በክረምቱ ጭቃ ያማርራል። እኔ እንደማምነው ግን ሞተርን የገደለው የበጋው አቧራ ነው። ጭቃ መኪናን ያቆማል እንጂ አያረጃትም።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የ1,200 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ ሞልተው ቢስቡ፣ በአንድ ደቂቃ 1,800 ሊትር አየር ይውጣል፤ በሰዓት 108,000 ሊትር መሆኑ ነው። ከአየሩ ጋራ የሚገባው አቧራ ከብረት የሚጠነክር የአሸዋ ደቃቅ አለበት። ያ ደቃቅ ከዘይት ጋራ ሲለወስ እንደ ሞረድ ሆኖ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃል። ከዚያ በኋላ መኪናይቱ ዘይት ትጠጣለች፣ ሰማያዊ ጢስ ታወጣለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች።

ጥንት ይህን የሚከላከል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ስመ ጥሩው የፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ የዘይት ማጣሪያ አልነበረውም። በአሜሪካ ስዊትላንድና ግሪንሃልግ የሞተር ዘይት ማጣሪያ የሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ነው። ወደ እኛ ዘንድ ነገሩ ከነስሙ የመጣው በጣልያንኛ ነው፤ ዛሬም መካኒኩ ፊልትሮ ይለዋል። ካንዴላ፣ ጎሚስታ፣ ማርሽ የሚሉት ቃላት ከዚያው ወገን ናቸው። የጋራዡ ቋንቋ ሙያው ከማን እንደ ተወረሰ ይመሰክራል፤ የቋንቋ ተማሪዎቻችን ቢመለከቱት መልካም ነበር።

አሁን ወደ ቮልስዋገን እንምጣ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ከታወቁት ትንንሽ መኪኖች ቀዳሚዋ እርስዋ ነበረች። ብርታትዋን ብዙ ሰው ውሃ የማትፈልግ በመሆንዋ ብቻ ይመዝነዋል። እኔ ግን ማጣሪያዎችዋ ሁሉ ታጥበው የሚመለሱ መሆናቸውን እጨምርበታለሁ። የአየር ማጣሪያዋ በውስጡ ሩብ ሊትር ያህል ዘይት የሚይዝ ቆርቆሮ ነው። አየሩ ወርዶ በዘይቱ ላይ በድንገት ሲታጠፍ አቧራው በክብደቱ ወደ ዘይቱ ይወድቃል፤ የተረፈውን በዘይት የራሰው ሽቦ ይይዘዋል። ከሞተሩ በታች ያለውም የዘይት ማጥለያ የሽቦ ወንፊት ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሊትር ተኩሉ የሞተር ዘይት ሲለወጥ፣ ወንፊቱ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል። የቤንዚን ፖምፓዋም የራሱ ትንሽ ወንፊት አለው።

ጠላ ለሚጠልልበት አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ቤንዚን፣ ጨርቅና ትዕግሥት ነው፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። እርግጥ ነው፣ ወንፊት የሚይዘው ጉልሁን ነው፤ ደቃቁ ያልፋል። ስለዚህ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ግዴታ ነበር። በአቧራማ መንገድ የሚነዳም የአየር ማጣሪያውን በየጊዜው ከፍቶ፣ ሳያዘነብል አውርዶ፣ ከሥሩ የረጋውን ጭቃ መጥረግና አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ መሙላት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የወረቀት ፊልትሮ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚታዩት እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያሉት ትንንሽ መኪኖች የሚይዙት እርሱን ነው። ከሽቦው ይልቅ ደቃቁን አጥርቶ ይይዛል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን አይታጠብም። የአየሩን ፊልትሮ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በንፋስ ማራገፍ ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። ከዚያ በፊት በብርሃን ፊት ይዞ ቀዳዳ እንዳለው ማየት ያሻል፤ የተቀደደ ወረቀት ሲነፋ ቀዳዳው ይሰፋልና። የዘይቱ ፊልትሮ ከዚህ የባሰ አታላይ ነው። ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ በውስጡ ያለው ክዳን ይከፈትና ያልተጣራው ዘይት ያልፋል። መኪናይቱ ትሄዳለች፣ መብራትም አይበራም፤ ነጂው ደኅና ነኝ ሲል ሞተሩ ይፈጃል።

እንግዲህ የአሮጌው ዘዴ ድካሙ በሰው እጅ ላይ፣ የአዲሱ ደግሞ በገንዘብና በአቅርቦት ላይ ወደቀ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል፤ ያለችው መኪና በአዲስ የቤንዚን መኪና አትተካምና። ከሞጣ ማዶ ባለው የአፈር መንገድ ለሚነዳ ሰው በመጽሐፉ የተጻፈው የኪሎ ሜትር ቁጥር አይበቃውም። ከበጋ ጉዞ በኋላ የፊልትሮውን ቤት ከፍቶ፣ ከወረቀቱ ወዲያ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ይዳስስ። ጣቱ ላይ አቧራ ከተገኘ ወረቀቱ ተቀድዷል፣ ወይም ጎማው በደንብ አልገጠመም።