«ራስ» ጆንሰን በምኒልክ ችሎት፦ የተረሳው ሙዚቃዊ ኮሜዲ ወደ መድረክ ሊመለስ ይገባዋል

የአድዋ ድል ዐሥር ዓመት ሊሞላው ዐሥር ቀን ብቻ ሲቀረው፣ የካቲት 13 ቀን 1898 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906)፣ ኒውዮርክ ውስጥ ማጀስቲክ በተባለው ቲያትር ቤት አንድ መጋረጃ ተገለጠ። መድረኩ ላይ የታየችው አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ገበያዋ፣ ችሎቷ፣ ወታደሯ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሳይቀሩ ገጸ ባሕርይ ሆነው ቀረቡ። የተውኔቱ ስም «አቢሲኒያ» ነው። ደራሲዎቹም፣ ዜማ ቀማሪዎቹም፣ ተዋንያኑም ጥቁሮች ናቸው። ዐይነቱ ደግሞ ዘፈንና ጭፈራ ያለበት ኮሜዲ ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ 31 ጊዜ ታይቶ በወሩ ከብሮድዌይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ የዝምታ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚያውቁት የቲያትር ታሪክ አጥኚዎች ናቸው። በአገራችን ደግሞ ስለ አድዋ ዓለም አቀፍ ተጽዕኖ በየዓመቱ የካቲት ላይ ሲወራ እንኳ ስሙ አይነሳም።

ሥራውን የፈጠሩት ሁለት ሰዎች በዘመኑ ከማንም ጥቁር አርቲስት በላይ ዝነኛ ነበሩ። በርት ዊሊያምስ በባሃማስ ደሴቶች የተወለደ ኮሜዲያን ነው። ጆርጅ ዎከር ደግሞ የካንሳስ ልጅ። ቃለ ተውኔቱን የጻፉት ጄሲ ሺፕና አሌክስ ሮጀርስ ሲሆኑ፣ ሙዚቃውን ዊሊያምስ ራሱና በርሊን ሄዶ ቫዮሊን የተማረው ዊል ማሪዮን ኩክ ሠሩት። የጭፈራውን ክፍል ያቀናበረችው የዎከር ባለቤት አይዳ ኦቨርተን ዎከር ናት።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ኢትዮጵያን የረገጠ አልነበረም። ታዲያ ምኒልክን ከየት አመጧቸው?

መልሱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከአድዋ ነው። አንድ የአፍሪካ ንጉሥ የአውሮፓን ጦር ድል መንሳቱ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከተራ ወሬ በላይ ነበር። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። በባርነት ከነበሩ ወላጆች ቴክሳስ ውስጥ የተወለደው ነጋዴ ዊሊያም ኤሊስም በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በ1906 የኒውዮርክ ተመልካች «ምኒልክ» ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ሁለተኛው ምንጭ የበለጠ ያስገርማል። በ1894 ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ ከዳሆሚ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቤኒን፣ አፍሪካውያን መጥተው እንደ ትርዒት እንዲታዩ ታስቦ ነበር። ሰዎቹ በጊዜው አልደረሱም። አዘጋጆቹ የአካባቢውን ጥቁሮች ቀጥረው «ዳሆሚያውያን» አስመስለው አስቀመጡ። ከተቀጣሪዎቹ ሁለቱ ገና ያልታወቁት ዊሊያምስና ዎከር ነበሩ። እውነተኞቹ ዳሆሚያውያን ሲመጡ አስመሳዮቹ ተሰናበቱ፤ ግን እየተመላለሱ ሊያዩዋቸው ቻሉ። ዎከር ከዓመታት በኋላ በአንድ የቲያትር መጽሔት ላይ እንደጻፈው፣ አፍሪካን በመድረክ የማሳየት ሐሳብ የተጸነሰው እዚያ ነው። ከዚያ በ1903 «ኢን ዳሆሚ» መጣ፤ ለንደን ተሻግሮም በቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ታየ። ቀጥሎ «አቢሲኒያ» መጣ።

የታሪኩ ሴራ ቀላል ነው። ራስተስ ጆንሰን የሚባል የካንሳስ ሰው ሎተሪ ይደርሰዋል። ጃዝ የተባለውን ምስኪን ጓደኛውንና ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ዓለምን ሊጎበኝ ይነሣል፤ ኢትዮጵያም ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ጓደኞቹ ራስተስን አሳጥረው «ራስ» ይሉታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ራስ ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ራስተስ» በአሜሪካ ተራ ስም አልነበረም። ነጮች በጥቁር ወንድ ላይ ሲሳለቁ የሚጠሩበት የቀልድ ስም ነው። ይህ አገሩ ላይ ስድብ የነበረ ስም ኢትዮጵያ ሲደርስ ማዕረግ ሆነ። የጽሑፉ ትልቁ ቀልድ ይኸው ነው፤ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው። የኒውዮርክ ተመልካች በአስተርጓሚ ዐይነት የሚረዳውን ይህን ቀልድ፣ የአዲስ አበባ ተመልካች ቃሉ ከተዋናዩ አፍ ገና ሳይወጣ ይስቅበታል።

ሌላው ዝነኛ ትዕይንት የችሎቱ ነው። ጃዝ ሆኖ የሚጫወተው ዊሊያምስ አንድ የአበባ ማስቀመጫ አንሥተሃል ተብሎ ይከሰሳል። ቅጣቱ እጅ መቆረጥ ነው፤ በዘመኑ ለሌባ የነበረ ቅጣት። ፍርዱ የሚታወቀው በደወል ነው፦ ሦስት ጊዜ ከተመታ ጥፋተኛ፣ አራት ጊዜ ከተመታ ነጻ። አንድ... ሁለት... ሦስት... ከዚያ ዝምታ። ዊሊያምስ በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድም ቃል ሳይናገር በፊቱ ብቻ የሚያሳየው ነገር ነበር ሰውን በሳቅ የሚገድለው። አራተኛው ይመታል፤ ሰውየው ይድናል።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። በተውኔቱ ውስጥ አሜሪካውያኑ ገጸ ባሕርያት የመንደር እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ኢትዮጵያውያኑ ግን የተስተካከለና ክብር ያለው ቋንቋ። አፈ ንጉሥና ሻምበል የሚሉት ማዕረጎች ሳይቀሩ በስማቸው ገብተዋል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መድረክ ላይ አፍሪካዊ ማለት አጥንት በአፍንጫው የሰካ አውሬ ተደርጎ ይሳል ነበር። እነ ዊሊያምስ ግን የሚሳቅበትን ሰው ከአሜሪካ አመጡ፤ የሚከበረውን ከኢትዮጵያ።

ዋጋ አስከፈላቸው። ትርዒቱ ውድ ነበር፤ ፏፏቴና በሕይወት ያሉ ግመሎች መድረክ ላይ ወጥተዋል። ከነጭ ሐያስያን መካከል ግን ቅሬታ ያሰሙ ነበሩ። ሙዚቃው ከበደብን፣ ድግሱ በዛብን፣ ከእናንተ የምንጠብቀው ይህን አይደለም የሚል መንፈስ ያለው ቅሬታ። ጥቁር ሰው ጥበብ ሲሞክር «የነጭ ትርዒት ኮረጀ» ይባላል፤ ሳይሞክር ሲቀር ደግሞ «ከዚህ በላይ አይችልም» ይባላል። በነሐሴ ወር 1900 ኒውዮርክ ውስጥ በጥቁሮች ላይ ሁከት ሲነሣ መንጋው ዊሊያምስንና ዎከርን በስም እየጠራ ይፈልግ ነበር። ዝናቸው ከዱላ አላዳናቸውም። ይልቁንም ስማቸውን ዱላ ለያዘው አስታወቀው።

ዎከር በ1909 ታሞ ከመድረክ ወረደ፤ በ1911 ሞተ። አይዳ በ1914 ተከተለችው። ዊሊያምስ ብቻውን ወደ ነጮቹ ታላቅ ትርዒት፣ ወደ ዚግፊልድ ፎሊስ ገብቶ እስከ 1922 ሞቱ ድረስ አሜሪካን አሳቀ። በ«አቢሲኒያ» ዘመን የወጣችው «ኖባዲ» የተባለችው ዘፈኑ መታወቂያው ሆና ቀረች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ቢነሣ ይቆማል?

እንቅፋቶቹን መደበቅ አይጠቅምም። የመጀመሪያው ጥላሸት ነው። ዊሊያምስ ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ በዘመኑ ወግ ፊቱን በጥላሸት ቀብቶ፣ ከንፈሩን አግንኖ ነበር የሚወጣው። ሁለቱ ሰዎች ሥራ ሲጀምሩ ራሳቸውን ያስተዋወቁበት መጠሪያ እንኳ ለጥቁሮች የተሰጠ የስድብ ቃል የያዘ ነው። ይህን ዛሬ እንዳለ መድገም ነውር ነው፤ እንዳልነበረ ማጥፋት ደግሞ ውሸት። ሁለተኛው የሥራው አለመሟላት ነው። ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ቃለ ተውኔት አለ። ከዘፈኖቹ በርከት ያሉት በኖታ ታትመዋል፤ ጥቂቶቹን ዊሊያምስ በሸክላ አስቀርጿል። ነገር ግን የምሽቱን ሙሉ ሙዚቃ እንደ ነበረ ማሰማት አይቻልም። ሦስተኛው ቀልዱ ራሱ ነው፤ የመቶ ዓመት ቀልድ እንደ ከረመ ጠላ ነው፣ ሁሉም አይጠጣም።

ሌሎች ይህን መንገድ ሞክረውታል። «ኢን ዳሆሚ» በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ በኒው ፌደራል ቲያትር ሲመለስ፣ ሾኒል ፔሪ ታሪኩን እንደ አዲስ ጻፈችው እንጂ አሮጌውን ቃል በቃል አልደገመችም። የ1921ዱ «ሸፍል አሎንግ» ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በዘመኑ 504 ጊዜ የታየ ተወዳጅ ሥራ ነው። በ1952 ታሪኩን ቀያይረው ሲመልሱት ከ4 ትርዒት በኋላ ተዘጋ። በ2016 ግን ጆርጅ ሲ. ዎልፍ ሌላ ዘዴ መጣለት፦ ዘፈኖቹን ጠብቆ፣ በታሪኩ ቦታ የተውኔቱን የራሱን አነሣሥ ተረከ። እነማን ሠሩት? ምን ከፈሉ? ለምን ተረሱ? ለ10 የቶኒ ሽልማት ታጨ። አንድም አላገኘም፤ መሪ ተዋናይዋ በወሊድ ምክንያት ስትወጣ በመቶኛው ትርዒት ተዘጋ። ገንዘብ አላተረፈም፤ የተረሱትን ሰዎች ስም ግን ወደ አደባባይ መለሰ።

ለ«አቢሲኒያ» የሚሻለውም ይህ መንገድ ነው። መድረኩ ላይ ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ይሂድ፦ ኢትዮጵያ የደረሱት የካንሳስ ሰዎች ታሪክና ኢትዮጵያን ሳያዩ የፈጠሯት የኒውዮርክ አርቲስቶች ታሪክ። ጥላሸቱ ያኔ ይታያል፤ ሲቀባም ሲታጠብም፣ ለምን እንደተቀባም። የታተሙት ዘፈኖች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው በአሜሪካ ሕግ የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ግመሉና ፏፏቴው ይቅሩ።

የት ይታይ ለሚለው ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ቦታ የለም። ሀገር ፍቅር ቲያትር ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ፣ ብሔራዊ ቲያትር ከ1948 ዓ.ም ጀምሮ ዘፈንን፣ ውዝዋዜንና ተውኔትን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያኖሩ የኖሩ ቤቶች ናቸው። የሙዚቃ ተጫዋቹም፣ ተወዛዋዡም፣ ተዋናዩም እዚያው አለ። ታሪኩም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ሎተሪ ደርሶት ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ የሚመጣ፣ ገንዘቡ ከእውቀቱ የቀደመ፣ ሁሉም የሌለውን ማዕረግ የሚሰጠው እንግዳ በየዓመቱ በቦሌ ይገባል። በ1906 ሎተሪ የደረሰው ጥቁር አሜሪካዊ ወደ ኢትዮጵያ ተሳፈረ። የዛሬው ኢትዮጵያዊ ዲቪ ሲደርሰው ወደየት እንደሚሳፈር ይታወቃል። ጎበዝ ጸሐፊ ከዚህ ብቻ አንድ ምሽት ሙሉ ያስቃል፤ ያስለቅሳልም።

«ምኒልክ በኮሜዲ ውስጥ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ግልጽ ነው። ኮሜዲና ሥልጣን በዚህ አገር የቆየ ቂም አላቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አስቆጥቶ ቲያትር እስከ ማስከልከል ደርሷል። ዛሬ ደግሞ ስለ ምኒልክ የሚሰማው ድምፅ ሁለት ብቻ ሆኗል፦ ውዳሴና ውግዘት። አንዱ ሐውልት ያያል፤ ሌላው ቁስል ያያል። ሁለቱም ወገን አይስቅም።

ይህ ተውኔት ለሁለቱም የሚመች አይደለም፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ምኒልክን የሚያየው ከቤተ መንግሥት ወይም ከተገዢው ደጃፍ አይደለም። የሚያየው በባርነት ከነበሩ ሰዎች ልጆች መድረክ ነው፤ በገዛ አገራቸው ችሎት ፍትሕ ያጡ ሰዎች ዳኛው የሚመስላቸውን አገር ሲመኙ። የፈጠሯት ኢትዮጵያ እውነተኛዋ አይደለችም። እውነተኛዋ ኢትዮጵያ የራሷ ባሪያ ነበራት፤ የራሷ ግፍ ነበራት። እነርሱ የሳሏት አገር የምኞት አገር ናት። ተመልካቹ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በገዛ ዐይኑ ቢለካ፣ ከዐሥር የቴሌቪዥን ክርክር የበለጠ ይማራል።

መጀመር ያለበትም በትንሹ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ የቲያትር ክፍል ቃለ ተውኔቱን ያስመጣ፤ ተማሪዎች ይተርጉሙት፤ አምስት ስድስት ዘፈን በፒያኖና በመሰንቆ ይሞከር፤ አንድ ምሽት በንባብ መልክ ሕዝብ ፊት ይቅረብ። ካላሳቀ ይቅር። ካሳቀ ግን ትልቁ መድረክ ይከፈትለት። ስድብ የነበረው ስም ማዕረግ የሚሆንበት ቋንቋ የእኛ ነው፤ ቀልዱም እስካሁን ባለቤቱ ፊት ቀርቦ አያውቅም።