ጌዲዮን ዘላለም ለምን የእኛን ማሊያ አልለበሰም?

ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ስንቆም የኳስ ወሬ ከተነሳ ይህ ጥያቄ አይቀርም። አንዱ «ንቆን ነው» ይላል፣ ሌላው «ፌዴሬሽኑ ተኝቶ ነው» ይላል። እኔ የድሮ መሐንዲስ ስለሆንኩ ከመፍረዴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጌዲዮን በ1997 በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። በ2006 ከአባቱ ጋር ወደ አሜሪካ መጥቶ ሜሪላንድ ውስጥ አደገ። በ2013 ገና በ16 ዓመቱ አርሰናል ገባ፤ ለጀርመን የታዳጊ ቡድኖችም ተጫውቷል። በጃንዋሪ 2014 በኤፍ ኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በነበረው ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ፣ ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለክለቡ የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በዚያው ዓመት በጋ የእኛ ዓመታዊ የስፖርት በዓል እዚሁ ሳን ሆዜ ነበር።

በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ፊፋ ግን አላሳለፈውም። የያኔው ደንብ አዲስ ዜግነት የያዘ ተጫዋች እዚያ አገር መወለዱን፣ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ እዚያ መወለዳቸውን፣ አለዚያም ከ18 ዓመቱ በኋላ አምስት ዓመት እዚያ መኖሩን ይጠይቅ ነበር። ጌዲዮን አንዱንም አያሟላም ነበር። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ግን ልጁ የመጣው ለኳስ ብሎ እንዳልሆነ በማስረጃ ተከራክሮ በሜይ 2015 አስፈቀደለት።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ለኢትዮጵያ የፊፋ ደንብ የሚፈልገው የወላጅ ሐረግ በእጁ ነበር። የጎደለው ፓስፖርቱ ነው። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነት አይቀበልም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ልጅ «ያንን ተውና ና» ሊባል ነው። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከስዊድን ዩሱፍ ሳላህ፣ ከሚኒሶታ ፉአድ ኢብራሂም ለዋልያዎቹ መጥተዋል፤ ስለዚህ በሩ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። ግን ሞሮኮን እዩ፦ በ2022 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ። የእናት አባቱን አገር ፓስፖርት ሲይዝ የያዘውን ጣል አይሉትም።

«ከሸፈ» የምትሉት ነገርም ይቅር። በውሰት ሬንጀርስ ሄዶ በ2016 የስኮትላንድን ሁለተኛ ሊግ አሸንፎ ወደ ላይ ወጣ። በ2017 ደቡብ ኮሪያ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። አማካይ ማለት መዞር ነው፣ መዞር ደግሞ በጉልበት ነው። እንዲያም ሆኖ ካንሳስ ሲቲ ገባ፤ ኒው ዮርክ ሲቲ በ2021 የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ ሲያነሳም የቡድኑ አባል ነበር። ከስንቱ ሺህ ታዳጊ እዚህ የሚደርሰው ስንት ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ሜዳ የምናደርሳቸው ልጆቻችን ሰማያዊ ፓስፖርት ይዘዋል። ከእነሱ አንዱ ነገ ቢጠራ ልጁን «አገርህን ትወዳለህ ወይ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ሕጉን «ልጅህን ትቀበላለህ ወይ?» ብንለው ይሻላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?