የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እና የቤት ለቤት ሕሙማን ክትትል (ካፋ ዞን)

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው፣ መንግሥትም ድጎማ ጨምሮበት፣ ቤተሰባቸው ዓመቱን ሙሉ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚታከምበት ሥርዓት ነው። በካፋ ዞን፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ፣ ሕሙማንን እስከ ቤታቸው ሄዶ ከሚከታተለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጋር ጎን ለጎን ይሠራል። ሁለቱም ሥራቸው የሚቃናው ባለሙያው የጻፈው ከተሰጠው አገልግሎት ጋር ሲስማማ ነው።

አካባቢው

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ አስተዳደር መቀመጫም ሆናለች። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በከተማዋ የገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይገኛል። ከዚያ የላቀ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጅማ ይላካሉ።

አመጣጥ

የሥርዓቱ ሕጋዊና አስተዳደራዊ መነሻ ግልጽ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ታካሚዎች ከኪሳቸው የሚከፍሉትን ለመቀነስ መድንን እንደ አንድ መንገድ አስቀመጠ። የመድን ኤጀንሲው፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፣ በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሙከራው በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከደቡብ ክልል የተመረጡት ዳምቦያ፣ ይርጋለምና ዳሞት ወይዴ ነበሩ፤ ካፋ በሙከራው አልተካተተም፤ ሥርዓቱ የደረሰው ቆይቶ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲስፋፋ ነው። ዛሬ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ውስጥ ይሠራል።

የሐሳቡ ምንጭ ግን ያከራክራል። አንዱ ወገን መነሻውን በውጭ ልምድ ያያል። ሩዋንዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማኅበረሰብ ደረጃ የጋራ መድን ሞክራ ወደ አገር አቀፍ ሥርዓት አሳድጋዋለች፤ የኢትዮጵያ ባለሙያዎችም የሩዋንዳንና የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ አጥንተዋል። የወረዳ መድን ጽሕፈት ቤት፣ የአባልነት መታወቂያና ከጤና ተቋም ጋር የሚደረግ ውል ከዚያ ልምድ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ።

ሌላው ወገን ሥሩን በእድር ውስጥ ይፈልጋል። እድር ራሱ ከየት እንደመጣ የተለያየ አስተያየት አለ፤ አንዳንዶች ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱ የጉራጌ ማኅበረሰቦች ጋር ያያይዙታል፣ ሌሎች ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) እንደ ተስፋፋ ይጽፋሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሰው ገና ሳይቸገር ለችግር ቀን ገንዘብ ማዋጣትን አገሬው ከመድኑ በፊት ያውቀዋል። ይሁንና እድር በዋናነት ለቀብርና ለሐዘን ሲደርስ መድኑ በሕይወት ላለ በሽተኛ ይደርሳል። ስለዚህ የአደረጃጀቱን መልክ ከውጭ ልምድ፣ ሕዝቡ በጋራ ቋት ላይ ያለውን እምነት ደግሞ ከእድር ጋር ማያያዝ ይበልጥ ሚዛናዊ ይመስላል።

አባልነትና መዋጮ

አባልነቱ በቤተሰብ ነው። ለድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። በሙከራው ጊዜ በደቡብ ክልል የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት 126 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ጨምሯል።

የቤት ለቤት ክትትል

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በአንድ ቀበሌ በተለምዶ ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ ጤና ኬላው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዎችን ያገለግላል። የየቤተሰቡ ሁኔታ በቤተሰብ ማኅደር ይጻፋል፤ ነፍሰ ጡሮች፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱና ክትባት ያቋረጡ ሕፃናት ከዚያ ተለይተው ይታወቃሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ወደ ታብሌት የሚያዛውር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በየክልሉ እየተዘረጋ ነው። ሥርዓቱ ያለ ኔትወርክ መረጃ ይቀበላል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ማዕከል ይልካል። ደን በበዛበትና ዝናብ መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ይህ ችሎታ ትልቅ ጥቅም አለው።

የክፍያ ጥያቄና ኦዲት

የመድኑ ጤንነት በዋናነት የሚለካው እዚህ ነው። አባሉ ሲታከም በሕክምናው ሰዓት አይከፍልም፤ ጤና ተቋሙ ወጪውን መዝግቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ፣ ለወረዳው መድን ያቀርባል። መድኑም ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ሰነዱን በክሊኒካል ኦዲት ያጣራል።

ኦዲተሩ የክፍያ ዝርዝሩን ከታካሚው ካርድ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በመጀመሪያ የመታወቂያው ቁጥር ትክክል መሆኑንና የአባልነቱ ዘመን አለማለፉን ያያል። ከዚያ የተጻፈው ምርመራ ከታዘዘው መድኃኒት ጋር መስማማቱን፣ በማዘዣው ላይ የተጻፈው ብዛት ከፋርማሲው ከወጣው ጋር እኩል መሆኑን፣ ዋጋውም በውሉ መሠረት መሰላቱን ይፈትሻል። ቀኑና የባለሙያው ፊርማም ይታያሉ። ለምሳሌ የአምስት ቀን መድኃኒት ታዞ የአሥር ቀን ዋጋ ከተጠየቀ ልዩነቱ ይቀነሳል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው በመንግሥት በጀት በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና ለማንም ሰው በነጻ ስለሚሰጡ በመድን ሒሳብ ላይ መታየት የለባቸውም፤ ከታዩ ሕዝቡ ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ሁለተኛው ሪፈር ነው። አባሉ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ፣ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር፣ በመመሪያው መሠረት ከወጪው ግማሹን ራሱ ይሸፍናል።

በሐሰት የተሞላ ሰነድ የሚያራቁተው የአርሶ አደሩን መዋጮ ነው። በአንጻሩ ትክክለኛ ጥያቄ ሳይከፈል ሲዘገይ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ አባሉም መታወቂያውን ይዞ ከግል ፋርማሲ በገንዘቡ ለመግዛት ይገደዳል። በሚቀጥለው ዓመት መታወቂያውን ላያድስም ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛ ሰነድና ወቅቱን የጠበቀ ክፍያ የታካሚው መብት አካል ሆነው ሊታዩ ይገባል።

የማይሸፈኑ አገልግሎቶች

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና።

የመደበኛ ሠራተኞች መድን

ለደመወዝተኞች የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣ ሲሆን፣ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ተራዝሟል።