ክርና ዲጂታል የድምፅ ቀረጻ

ክር፣ ወይም ቴፕ፣ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት የተቀባ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ሲሆን ድምፅን የሚይዘው በማግኔት ኃይል ነው። ዲጂታል ቀረጻ ግን ያንኑ የድምፅ ሞገድ በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ኍልቍ ይመልሰዋል፤ በሲዲ ላይ ልኬቱ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነቅዑ

ክርን ማን ፈጠረው በሚለው ላይ ጸሐፍት አይስማሙም። አሜሪካዊው ኦበርሊን ስሚዝ በማግኔት ድምፅ የመያዝን ሐሳብ በ1888 በጽሑፍ አወጣ፤ ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖውልሰን በ1898 በብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ሠራ፤ ለሲጋራ ጫፍ የነሐስ ቅብ በማዘጋጀት ይተዳደር የነበረው ፍሪትዝ ፍሎይመር ደግሞ፣ በዚያው የመቀባት ጥበብ ተመርቶ፣ በ1928 በጀርመን አገር የብረት ዱቄትን በወረቀት ጥብጣብ ላይ አሳረፈ። የጀርመን ፍርድ ቤት በ1936 የፍሎይመርን የባለቤትነት መብት፣ አስቀድሞ በፖውልሰን መብት የተሸፈነ ነው ሲል ሻረው። ፍርዱ ለሕጉ የቀና ይሆናል፤ ነገር ግን በመቀስ ተቆርጦ በማጣበቂያ የሚገጠመውን፣ ለስቱዲዮ ሥራ ሁሉ መሠረት የሆነውን ቀላል ክር ያስገኘው የሲጋራ ወረቀት ቀቢው ስለ ሆነ፣ በኵርነቱ ለእርሱ ቢሰጥ የሚገባ ይመስላል።

የጥራት ንጽጽር

«ክር ይበልጣል» ወይም «ዲጂታል ይበልጣል» ከማለት በፊት ስለ የትኛው ክር እንደሚነገር መለየት ያሻል፤ ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር ሆኖ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ሲጓዝ፣ በስቱዲዮ የተለመደው 6.35 ሚሊሜትር ክር በ38.1 ሴንቲሜትር፣ ማለትም በስምንት እጥፍ ፍጥነት ይሮጣልና። ድምፁ ከመጠን ሲያልፍ ክር ቀስ በቀስ እየጠገበ ያለዝበዋል፤ ዲጂታል ግን ከወሰኑ በላይ ያለውን በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። በአንጻሩ የክሩ የራሱ ሽሽታ በዲጂታል ዘንድ የለም።

ትልቁ ልዩነት ግን ያለው በቅጂ ነው። የበገና አውታር በበርኩማው ላይ በሚያርፍበት ስፍራ የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ፣ ለመዝሙሩ ያን የሚነዝር ግርማ ይሰጠዋል፤ ይህም ነዘራ በቀጫጭኑና በከፍተኛው ሞገድ ውስጥ ስለሚኖር፣ ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚደበዝዘው እርሱ ነው፤ በስተኋላ የዘማሪው ቃል ተሰምቶ በገናው ግን እንደ ክራር ይሆናል። የዲጂታል ቅጂ ኍልቁ እስካልተዛባ ድረስ ከምንጩ አያንስም፤ ነገር ግን ከደከመ ካሴት የተወሰደ እንደ ሆነ ድካሙን ጭምር በታማኝነት ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ

ካሴት ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ሸክላን ተክቶ፣ ሲላላ በእስክሪብቶ እየተጠቀለለ፣ በየቤቱ ገባ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታትሟል፤ ለሙዚቀኛው ዳግም ወደ መድረክ መመለስ ምክንያት የሆነው ይኸው ነው።

በካምፓላ

የዩጋንዳ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ክላውስ ቫክስማን በ1949 እና በ1954 መካከል የአገሩን ዜማ ቀርጾ ነበር፤ ስብስቡ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተጠብቆ፣ ዲጂታል ቅጂው ወደ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል።



 

ዲጂታል ክር

ሶኒ በ1987 ያወጣው ዳት ኍልቍን በክር ላይ የሚጽፍ ነበር። ክሩ ሲጎዳ ድምፁ እንደ ካሴት አይደበዝዝም፣ ይቋረጣል እንጂ፤ ሶኒም መሣሪያውን ማምረት በ2005 አቁሟል።