የሁሉም ወቅት ጎማ ለስፖርት መኪና

የሁሉም ወቅት ጎማ በሙቀትም ሆነ በብርድ፣ በደረቅም ሆነ በእርጥብ መንገድ ሳይቀየር ዓመቱን ሙሉ እንዲያገለግል የሚሠራ የመኪና ጎማ ነው። የሙቅ ወቅት ጎማንና የብርድ ወቅት ጎማን ባሕርይ በከፊል አጣምሮ ይይዛል፤ ነገር ግን በሙቀት የመጀመሪያውን፣ በበረዶ ሁለተኛውን አይተካከልም። ቀዝቃዛ አየር ባለባቸው አገሮች ለስፖርት መኪና ጎማ ሲመረጥ የበረዶው ብዛት ብቻ ሳይሆን የአየሩ ሙቀት መጠንም ወሳኝ ነው።

በኢትዮጵያ «ክረምት» የዝናብ ወቅት ስም ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «የብርድ ወቅት» የተባለው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ የሚጥልበት ጊዜ ነው።

ሙቀትና ላስቲክ

በብዙ የስፖርት መኪኖች ላይ ከፋብሪካ የሚገጠመው የሙቅ ወቅት ጎማ ነው። ላስቲኩ በሙቀት አስፋልትን አጥብቆ ይይዛል፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ግን እየጠጠረ ይሄዳል። የጠጠረ ላስቲክ በመንገዱ ወለል ላይ ወዳሉት ጥቃቅን ጎድጓዳዎች ስለማይገባ፣ በረዶ ባይኖርም እንኳ መኪናው ፍሬን ተይዞ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈጅበታል። በኃይለኛ ብርድ አንዳንዶቹ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ አምራቾች እንዳይነዱባቸው ያስጠነቅቃሉ።

የሁሉም ወቅት ጎማ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ይቀመማል። በጥርሶቹ ላይ በረዶን የሚነክሱ ስስ ስንጥቆች አሉት። እነዚሁ ስንጥቆች ጥርሱን ስለሚያላሉት፣ በሞቃት መንገድ ላይ መኪናው ለመሪው ትንሽ ዘግይቶ ይታዘዛል።

ታሪክ

ጉድይር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቲየምፖ የተሰኘውን የሁሉም ወቅት ጎማ በ1977 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። የፈረንሳዩ ሚሽሊን ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ክሮስክላይሜት የተባለውንና ለበረዶ የተሻለ ብቃት ያለውን ጎማ አወጣ።

በጎኑ ላይ ያሉ ምልክቶች

«ኤም ፕላስ ኤስ» ጭቃና በረዶ ማለት ነው። በዋናነት የጥርሱን አቀራረጽ ስለሚያመለክት ጎማው በበረዶ ላይ መፈተኑን አያረጋግጥም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የተደረገ ፈተናን ላለፈ ጎማ ብቻ ይሰጣል፤ በሰሜን አሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ያም ሆኖ ውሃ ረግቶ በሚያንሸራትት የበረዶ ንጣፍ ላይ ዋስትና አይሆንም።

ልዩነቱ የሕግ ጉዳይም ነው። በጀርመን መንገዱ በረዶ ሲይዝ ከኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተቀባይነት ያለው ባለ ተራራ ምልክቱ ጎማ ብቻ ነው። በካናዳዋ ኩዊቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ለብርድ ወቅት የተፈቀደ ጎማ መግጠም ግዴታ ነው።

አመራረጥ

በጎማው ላይ ለምሳሌ «245/40 አር 18 97 ዋይ» ተብሎ ቢጻፍ፣ 245 በሚሊሜትር የጎማው ስፋት፣ 40 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ያለው መቶኛ፣ 18 በኢንች የቸርኬው መጠን ነው። 97 አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ግራም መሸከሙን፣ «ዋይ» እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት መቻሉን ያሳያል። «ቪ» 240፣ «ደብልዩ» 270 ኪሎ ሜትር ነው። የመሸከም ቁጥሩ የመኪናው አምራች ካዘዘው ማነስ የለበትም።

አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ለብርድ የተሻሉት ከፊት ብቻ ቢገጠሙ የኋላው በመታጠፊያ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። በአራቱም እግር መጎተት መኪናው እንዲነሣ ይረዳል እንጂ የፍሬን ርቀትን አያሳጥርም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የጎማው ነፋስ በ0.1 ባር ያህል ስለሚወርድ በብርድ ጊዜ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ገደብ

እንደ ሲያትል ወይም ለንደን ብርዱ በአብዛኛው ዝናባማ ሆኖ በረዶ አልፎ አልፎ በሚጥልበት ቦታ፣ የሁሉም ወቅት ጎማ ለስፖርት መኪና በቂ ሊሆን ይችላል። እንደ ሚኒያፖሊስ በረዶ ለወራት በሚቆይበት ቦታ ግን ሁለት ዓይነት ጎማ ይዞ በየወቅቱ መቀያየር ይመረጣል። ወጪው መጀመሪያ ላይ ቢጨምርም አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላሉ።