ከብዙ እስትንፋስ ወደ አንድ እግር፦ ዋዛ፣ ሚዲና የአሶሳ ሙዚቃ



«ዋዛ» በአማርኛ ቀልድ ማለት ነው፤ የቁም ነገር ተቃራኒ ሆኖ ይነገራል። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው የንግግሬን ማስታወቂያ አይተው ፈገግ ያሉ ባልደረቦች ስለ ነበሩ ነው።

ዋዛ የሚሠራው የቅል ቱቦዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ በመሰካት ነው። አጭሩ ቀጭን፣ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። በአንድ ቡድን ውስጥ አሥር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ መለከቶች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ነፊ በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ያሰማል፤ ከዚያ ዝም ብሎ የሌሎቹን ይሰማል። ዜማው የሁሉም ስለ ሆነ ማንም ብቻውን ወደ ቤቱ ይዞት ሊሄድ አይችልም። አንዱ ቢቀር ዜማው ይሸነቆራል።

የዚህ ሙዚቃ ባለቤቶች በድንበር የተከፈሉ ናቸው። ቤኒሻንጉል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውል በርታዎችን በኢትዮጵያና በሱዳን ወገን ለያያቸው። መዘዙ በጥናቱም ላይ ይታያል። ስለ ዋዛ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠቀሰው የጀርመናዊው አርቱር ሲሞን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ሲሆን፣ የሚመለከተው በሱዳን ያሉትን የበርታ የመለከትና የዋሽንት ቡድኖች ነው። የአሶሳ ተማሪ ስለ አያቱ ሙዚቃ ለማንበብ በሐሳብ ወሰን ይሻገራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ታሪክ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካውያኑ ዴቭ ስሚዝና ቼት ውድ የተለያዩ ፋብሪካዎች ሲንተሳይዘሮች እርስ በርስ የሚግባቡበትን አንድ ቋንቋ ሐሳብ አቀረቡ። የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺም ሐሳቡን ከሚገፉት ዋነኞቹ ነበሩ። በጥር 1983 የአሜሪካና የጃፓን መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው በይፋ ታዩ። ያ ቋንቋ ሚዲ ነው። ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ «ይህን ድምፅ ጀምር፣ ያንን አቁም» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። የእግር ፔዳል ስንረግጥ የሚላከውም ይኸው ትእዛዝ ነው፤ ፔዳሉ ራሱ ዲዳ ነው።

በአገራችን ጊዜው አጋጣሚ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳክሞ ነበርና ትልልቆቹ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች ሲሳሱ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ቦታቸውን ወሰዱ። ኃይሉ መርጊያ በስደት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ያጣመረ ነው። እጅግ የምወደው ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ባንድ ሊሆን እንደሚችል ለሁላችን ካስተማሩን ሥራዎችም አንዱ ነው።

እኔም ይህንኑ ትምህርት ይዤ ነበር ዋዛን ወደ መድረክ ላመጣ የተነሣሁት። አሥር ፔዳል ያለው የእግር መቆጣጠሪያ ነበረኝ። የአሥሩን መለከቶች ተራ በሲንተሳይዘር ድምፅ አስገብቼ ሙሉውን ዜማ በአንድ ፔዳል ላይ ጫንሁት። ስረግጠው ይጀምራል፤ ደግሜ ስረግጠው ይቆማል። በቀሩት ዘጠኝ ፔዳሎች ሌሎች ዜማዎች ነበሩ። ንጹሕ ሥራ መስሎኝ ነበር። አንድ አዛውንት ዋዛ ነፊ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና የእርሳቸው መለከት የትኛው ፔዳል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን አፍርሼ እንደ ገና ጀመርሁ፦ ለአንድ ፔዳል አንድ መለከት። የመለከቶቹ የድምፅ ከፍታ ከፒያኖው ስለማይገጥም እያንዳንዱን ፒች ቤንድ በሚባለው ትእዛዝ ማስተካከል ነበረብኝ። ይህ ትእዛዝ ደግሞ በአንድ ቻናል ላይ ያሉትን ድምፆች ሁሉ አብሮ ያዘነብላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መለከት የራሱን ቻናል ሰጠሁ። ሚዲ በአንድ ገመድ 16 ቻናሎች አሉት፤ ለአንድ የዋዛ ቡድን ይበቃል። ፈጣሪዎቹ ይህን አስበው እንዳልነበር የታወቀ ነው።

አንድ ትእዛዝ በገመዱ ለማለፍ አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አሥሩ በአንድ ቅጽበት ቢረገጡ እንኳ ተሰልፈው ያልፋሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደርብም።

ከዚያም አሥር ተማሪዎች መቆጣጠሪያውን ከብበው አንድ አንድ ፔዳል ያዙ። ቦታው ጠበባቸው፤ ጫማ ለጫማ ይጋጩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዜማው አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ያህሉ ወጣ፤ አንዲት ተማሪ ታማ ስለ ቀረች አንድ ድምፅ ጎድሎ ነበር። ሌላው ልጅ በሁለት እግሩ ሊተካት ሞከረ፤ ተራው ግን እየተምታታበት ተወው። ልምምዱን ያለ እርሷ ቀጠልን፤ ክፍተቱም በእያንዳንዱ ዙር በቦታው ይሰማ ነበር።